አረመኔ የሚለው ቃል ትርጓሜና ጥንተ ነገሩ

ቃልም እንደ ሰው ትውልድና አገር አለው። ከአባቱ ቤት ወጥቶ በባዕድ አገር ያድጋል፤ ጠባዩም እንደ ዋለበትና እንዳደረበት ይለወጣል፤ ዘመንም በበዛ ጊዜ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ይጠፋል። አረመኔ የሚለው ቃል እንዲህ ካሉት አንዱ ነው። ዛሬ ይህን ስም የሚሰማ ሁሉ ርኅራኄ የሌለውን፣ ደም ማፍሰስ የማያስፈራውን፣ በደካማ ላይ የሚጨክነውን ሰው ያስባል። እናት ልጅዋን የገደለባትን፣ ድኻ ጎጆውን ያቃጠለበትን፣ አገር ሕዝቡን የፈጀበትን በዚህ ስም ይጠራዋል፤ ከዚህም የሚብስ ስድብ አይገኝም። ነገር ግን ይህ ቃል በጥንቱ ስድብ አልነበረም፤ የአንድ ሕዝብ የተከበረ ስም ነበረ እንጂ። ያም ሕዝብ ከእስራኤል አባቶች ጋር የተጋባ፣ ቋንቋውንም ጌታችን በሥጋ ሲመላለስ የተናገረበት ነው። ታዲያ የዚህ ሕዝብ ስም እንደ ምን ሆኖ የክፉዎች ስም ሆነ ቢሉ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ መመልከት ይገባል።

አስቀድሞ የቃሉን ፊደልና ዘር ማየት ያስፈልጋል። በግእዝ አረሚ፣ አረማዊ፣ አረማዊት፣ አረማውያን ይባላል። አረሚ የብዙዎች ስም ነው፤ አሕዛብ እንደ ማለት ነው። አረማዊ አንዱን፣ አረማዊት አንዲቱን፣ አረማውያን ብዙዎቹን ያሳያል። አማርኛም ከዚሁ ከግእዙ ተቀብሎ አረመኔ አለ፤ ከዚያም አረመኔነት፣ አረመኔያዊ እያለ ልጆች አወጣለት። የመጀመሪያው ፊደል አልፉ አ ነው። አንዳንድ ሰዎች በዐይኑ ዐ ሲጽፉት ይታያል፤ ነገር ግን የቃሉ አባት አራም በዕብራይስጥም በአልፍ የሚጻፍ ስለ ሆነ፣ በአልፍ መጻፉ ሥሩን መጠበቅ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ፊደሉ ሲዛነፍ ልጁ ከአባቱ ይለያልና።

ሌላም መጠንቀቅ የሚገባው ነገር አለ። በእርሻ መካከል የሚበቅለው አረም ከአረመኔ ጋር በድምፅ ይገጥማል። ለባለ ቅኔ ይህ መልካም ኅብር ነው፤ የስንዴውንና የእንክርዳዱን ምሳሌ አንሥቶ፣ ሰሙን አረም ወርቁን አረመኔ አድርጎ ሊቀኝበት ይችላል። ነገር ግን ኅብር ሌላ፣ ዘር ሌላ ነው። በድምፅ የተገናኙ ሁሉ በዘር አይገናኙም። የአረመኔ ዘሩ አረም ሳይሆን አራም ነው።

አራም የሴም ልጅ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት በ10ኛው ምዕራፍ ከኤላም፣ ከአሦር፣ ከአርፋክስድና ከሉድ ጋር ይቈጥረዋል። መጽሐፈ ኩፋሌም ምድር ለኖኅ ልጆችና ለልጅ ልጆቹ በተከፈለች ጊዜ፣ በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል ያለው አገር ለአራም እንደ ደረሰው ይናገራል። የእስራኤል አባቶች ከዚህ ወገን ጋር የተጋቡ ነበሩ። ርብቃ የባቱኤል ልጅ፣ የላባ እኅት ናት፤ ልያና ራሔልም የላባ ልጆች ናቸው፤ የዕብራይስጡም ኦሪት ባቱኤልንና ላባን አራማውያን ብሎ ይጠራቸዋል። ይልቁንም በኦሪት ዘዳግም በ26ኛው ምዕራፍ፣ እስራኤላዊው የምድሩን በኵራት በዕንቅብ ይዞ ወደ ካህኑ በቀረበ ጊዜ፣ አባቱ አገር ለአገር የሚዞር አራማዊ እንደ ነበረ በእግዚአብሔር ፊት እንዲመሰክር ታዟል። እንግዲህ ይህ ስም በመሠዊያ ፊት በምስጋና የሚነሣ የአባት ስም ነበረ።

የአራም ነገሥታት በደማስቆ ነግሠው ከእስራኤል ነገሥታት ጋር አንድ ጊዜ ሲዋጉ አንድ ጊዜ ሲታረቁ ኖሩ። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ732 ዓመት የአሦር ንጉሥ ቴልጌልቴልፌልሶር ደማስቆን ያዘ፤ መንግሥታቸውም ፈረሰ። ይሁን እንጂ መንግሥቱ የፈረሰበት ሕዝብ ቋንቋው ድል አድራጊዎቹን ድል ነሣቸው። የአሦር፣ ከዚያም የባቢሎንና የፋርስ ነገሥታት ጸሐፊዎች ደብዳቤ የሚጻጻፉት በአራማይስጥ ሆነ። በግብፅ በአስዋን አጠገብ ባለችው በኤሌፋንቲን ደሴት የተገኙት፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበሩ አይሁድ የጻፏቸው ደብዳቤዎች በዚሁ ቋንቋ ናቸው። ከመጽሐፈ ዳንኤልና ከመጽሐፈ ዕዝራም ከፊሉ በአራማይስጥ ተጽፏል። ጌታችንም በገሊላ ያደገው በዚህ ቋንቋ መካከል ነው፤ ወንጌላውያን በግሪክ ሲጽፉ ሳይለውጡ የተዉአቸው አባና ታሊታ ኩሚ የሚሉት ቃላት ለዚህ ምስክር ናቸው።

እንግዲህ ይህ የተከበረ ስም መቼ ወደቀ ቢሉ፣ የወደቀው በሩቅ ጠላት አፍ ሳይሆን ቋንቋውን በሚናገሩት በራሳቸው አፍ ነው። አይሁድ ከምርኮ በኋላ አራማይስጥን የቤታቸው ቋንቋ አደረጉት። ነገር ግን በዙሪያቸው ጣዖት የሚያመልኩት ጎረቤቶቻቸው አራማውያን ስለ ነበሩ፣ በመምህራኖቻቸው አነጋገር አራማዊ ማለት ቀስ በቀስ ከእስራኤል ያልሆነ፣ ሕገ ኦሪትን የማያውቅ ማለት ሆነ። ቋንቋውን ወሰዱ፣ ስሙን ግን ናቁ።

ወንጌል በሶርያ በተሰበከ ጊዜም ነገሩ ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ኤዴሳ የምትባለው ከተማ ክርስቲያን ሆና የመጻሕፍትና የመምህራን እናት ሆነች። ከእርስዋ እምብዛም የማትርቀው ካራን ግን፣ አብርሃም ወደ ከነዓን ሳይወርድ የተቀመጠባት፣ ላባም የኖረባት ከተማ፣ ለጨረቃ ጣዖት መስገድን ብዙ መቶ ዓመት አልተወችም፤ ስለዚህም የግሪክ ጸሐፊዎች የአረማውያን ከተማ ይሏት ነበር። የሁለቱ ከተሞች ሰዎች በቋንቋ አንድ፣ በአገር አንድ ናቸው፤ የለያቸው ጥምቀት ነው። የተጠመቁትም በቀድሞው ስም መጠራትን ጠልተው፣ ግሪኮች ባወጡላቸው ስም ሶርያውያን ተባሉ፤ የአባቶቻቸውንም ስም ላልተጠመቁት ተዉላቸው። በኋላ ሊቃውንቶቻቸው የአራም ልጅነትንና የጣዖት አምልኮን ይለዩ ዘንድ ቃሉን በአንዲት አናባቢ ለዩት፤ ኣራማያ ያሉት የአራም ወገን፣ አርማያ ያሉት ደግሞ ጣዖት አምላኪ ሆነ። የአንድ ሕዝብ ክብርና የአንድ ሕዝብ ነውር በአንዲት ትንፋሽ ብቻ ተለያዩ።

ለዚህ አብነቱ ፕሺጣ የተባለው የሶርያውያን ሐዲስ ኪዳን ነው። በግብረ ሐዋርያት በ16ኛው ምዕራፍ የጢሞቴዎስን አባት ግሪኩ ዮናናዊ ሲለው፣ ፕሺጣ አርማያ ይለዋል። ይህ ሰውየው ከአራም ዘር ስለ ሆነ አይደለም፤ ያላመነ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ስሙ ከዘር ፈጽሞ ተፋቶ ለእምነት ብቻ ይነገር ነበር ማለት ነው።

ቃሉ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ብቻውን አልመጣም። ሃይማኖት፣ ኦሪት፣ ጣዖት፣ ታቦት፣ ዐርብ የሚሉት የግእዝ ቃላትም ከአራማይስጥ ወገን የተገኙ ናቸው፤ አክሱም ስለ አምልኮ መናገር ስትጀምር ከዚያ ቋንቋ ብዙ ተበድራለች። ስለ መምጫው መንገድ ግን በሊቃውንት መካከል ሁለት አሳብ አለ። አንደኛው፣ ክርስትና በ4ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ኢዛና ዘመን በጢሮስ ተወላጅ በፍሬምናጦስ፣ በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እጅ መስፋፋቱን፣ በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻም ተስዓቱ ቅዱሳን መምጣታቸውን እያስታወሰ፣ ቃላቱን ለሶርያ መምህራን ይሰጣል። ሁለተኛው ፖሎትስኪ የተባለው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ በ1964 ዓመት በፈረንጅ አቈጣጠር ያስረዳው ነው፤ ይኸውም ከእነዚህ ቃላት ብዙዎቹ የሶርያ ክርስቲያኖችን አነጋገር ሳይሆን የአይሁድን አራማይስጥ ይመስላሉ የሚል ነው። ስለ አረሚ ግን ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ በር ያደርሳሉ። በአይሁድም አፍ በሶርያ ክርስቲያንም አፍ ቃሉ ጣዖት አምላኪ ማለት ነበረና፣ አክሱም በደረሰ ጊዜ የሕዝብ ስም መሆኑ አብቅቶ ነበር።

የግእዝ አንባቢ ይህን ዝምድና እንዳያይ የጋረደው ሌላም ምክንያት አለ። ብሉይ ኪዳን ወደ ግእዝ የተመለሰው ከሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጓሜ ነው። ሰባ ሊቃናትም የአራምን አገር ሶርያ፣ አራማዊውንም ሶርያዊ ብለው ተርጕመው ነበር። ስለዚህ ባቱኤልና ላባ፣ በዮርዳኖስ ታጥቦ ከለምጹ የነጻው ንዕማንም፣ በዕብራይስጥ አራማውያን ሲሆኑ በግእዝ ሶርያውያን ሆኑ። አራም የሚለው ስም በሴም ልጆች ቍጥር ውስጥ ተጽፎ ቢቀርም፣ በምዕራፍ 10 አራምን፣ በሌላ ስፍራ አረማዊን ያነበበ ሰው አባትና ልጅ መሆናቸውን የሚጠረጥርበት ነገር አልነበረውም። አንዱ ስም እንዲህ ለሁለት ተከፈለ፤ ሶርያ ክብሩን ወሰደች፣ አረማዊ ነውሩን ተሸከመ።

ይህ ዕጣ በአራም ብቻ የደረሰ አይደለም። ግሪኮች የባዕድ ሰው ንግግር ባር ባር የሚል ቢመስላቸው፣ ቋንቋቸውን የማይናገረውን ሁሉ ባርባሮስ አሉት፤ ዛሬም ቃሉ በአውሮፓ ቋንቋዎች ጨካኝና ያልሠለጠነ ማለት ነው። ሮማውያን የገጠሩን ሰው ፓጋኑስ ይሉት ነበር፤ የላቲን ክርስቲያኖች ግን ላላመነው ሁሉ ስም አደረጉት። ይልቁንም የሚያስደንቀው የሌላው ቃል ነገር ነው። ሶርያውያን ጣዖት አምላኪውን ሐንፓ ይሉታል፤ በግእዝም ሐናፊ ማለት ዝንጉ፣ ከሃዲ ማለት ነው፤ በዐረብ ቋንቋ ግን ሐኒፍ ማለት አንድ አምላክን በቅንነት የሚያመልክ ማለት ሆነ። አንዱ ቃል በአንዱ ደጅ ነቀፋ፣ በሌላው ደጅ ምስጋና ነው። ስለዚህ ስም ብቻውን በሰው ላይ ምስክር ሊሆን አይችልም።

በኢትዮጵያ ገድላትና ታሪከ ነገሥት አረሚና አረማውያን የሚሉት ስሞች ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። በገድላቱ አረማዊ ማለት ገና ያልተጠመቀ ማለት ነው፤ የሚጠላ ሳይሆን የሚሰበክለት፣ የሚፈራ ሳይሆን የሚጠበቅ ሰው ነው። ጻድቁ ወደ አረማውያን አገር የሚሄደው ሊያጠፋቸው ሳይሆን ወንድሞች ሊያደርጋቸው ነው፤ ዛሬ አረማዊ የተባለው ነገ በገድሉ ውስጥ የክርስትና ስም ወጥቶለት ይገኛል። በጦርነት ዜና ውስጥ ግን ቃሉ ሌላ ጠባይ ያዘ። ሰው ከወገኑ ያልሆነውን ክፉ ነው ብሎ ማሰብ ይቀናዋል፤ ጠላቱ ያደረገውን ጭካኔ አጕልቶ ያያል፣ የወገኑን ግን ጀግንነት ይለዋል። ስለዚህ ያላመነ የሚለው ትርጓሜ ከጨካኝ ጋር እየተቀላቀለ ሄደ፤ በመጨረሻም አማርኛ ሁለቱን ለያቸው። አረማዊ ሲል ያላመነውን፣ አረመኔ ሲል ጨካኙን ማለቱ ሆነ። ሶርያውያን በአንዲት አናባቢ እንደ ለዩት፣ አማርኛም በቃሉ መጨረሻ ለየው።

ይህ መለየት ምን ያህል እንደሚጠቅም የታየው በጠላት ወረራ ዘመን ነው። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር፣ ባርባሮስ ለሆነ ሕዝብ ሥልጣኔ አመጣለሁ ትል ነበር፤ ከአውሮፕላን ግን የመርዝ ጋዝ በሰውና በከብት ላይ አወረደች። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ እልቂት ሆነ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በማርሻል ግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳትና ዲያቆናት ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮማ በላካቸው ቴሌግራሞች የተቈጠሩት ሟቾች 449 ናቸው፤ በኋላ የመረመሩት የታሪክ ሰዎች ቍጥሩ ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ አስረድተዋል። ትእዛዙን ያወጡት በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም የተጠመቁ ሰዎች ነበሩ። በቃሉ በጥንቱ ትርጓሜ ከሆነ፣ የተጠመቀ ሰው አረማዊ ሊባል አይቻልም፤ ሕዝቡ ግን ሥራውን አረመኔነት ብሎ ጠራው፤ እውነቱም ይህ ነው። ስሙ ከዘር ወደ እምነት፣ ከእምነትም ወደ ሥራ እንዲህ ተሻገረ። ባርባሮስ ብሎ የመጣው በሥራው አረመኔ ተባለ፤ ባርባሮስ የተባለው ግን በሰማዕታት መዝገብ ተጻፈ።

ቅዱስ መጽሐፍም ይህን ስም የሚያነሣበት ስፍራ ትምህርት የሞላበት ነው። በማቴዎስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ ጌታችን የቤተ ክርስቲያንን ምክር የማይሰማውን ወንድም እንደ አረመኔና እንደ ቀራጭ እንዲቈጥሩት ያዝዛል፤ በግእዙ አረማዊና መጸብሓዊ የሚለው ነው። ይህን ይዞ ሰውን ከደጅ ማባረር የተፈቀደ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን ይህን ቃል የጻፈልን ማን ነው ቢሉ፣ ቀራጭ የነበረው ማቴዎስ ነው፤ ጌታችን ከቀረጥ መቀበያው አስነሥቶ ሐዋርያ ያደረገው፣ ከእርሱና ከወዳጆቹም ጋር በማዕድ የተቀመጠው። እንግዲህ እንደ ቀራጭ መቍጠር ማለት እንደ ገና ከመጀመሪያው መጥራት፣ እንደ ገና ማስተማር ነው፤ መጥላት አይደለም። ጢሞቴዎስም የአረማዊ ልጅ ሆኖ ሳለ የጳውሎስ የልብ ልጅ፣ የኤፌሶን ጳጳስ ሆኗል።

ሁለተኛው ስፍራ በግብረ ሐዋርያት መጨረሻ፣ በ28ኛው ምዕራፍ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮማ ሲሄድ መርከቡ ተሰበረ፤ በመርከቡ የነበሩትም 276 ነፍስ ማልታ ወደምትባል ደሴት በሕይወት ደረሱ። የደሴቲቱን ሰዎች ግሪኩ ባርባሮይ፣ አማርኛውም አረማውያን ይላቸዋል። ዝናብና ብርድ ነበረ፤ እነዚያ አረማውያን ግን እሳት አንድደው ያንን ሁሉ እንግዳ ተቀበሉ፤ ዘሩን፣ እምነቱን፣ የታሰረበትንም ምክንያት አልጠየቁም። ሉቃስም ቸርነታቸው ከተለመደው የሚያልፍ እንደ ነበረ መሰከረላቸው። በዚያው ቀን ከመርከቡ ውስጥ እስረኞቹን እንግደላቸው ብለው የመከሩት ወታደሮች የሠለጠነችው ሮማ ጭፍሮች ነበሩ፤ በእሳቱ ዳር የተቀበሏቸው ደግሞ አረማውያን ነበሩ። በዛሬው አማርኛ ትርጓሜ ከሁለቱ አረመኔ የሚባለው ማን ነው ቢሉ፣ መልሱ ለአንባቢ ግልጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። አረመኔ የሚለው ቃል ለሥራ የሚሰጥ ስም ነው እንጂ ለዘር፣ ለአገር ወይም ለሌላው እምነት የሚሰጥ ስም አይደለም። ሰው በጎረቤቱ ላይ፣ ቋንቋውን በማይሰማው መንገደኛ ላይ፣ ወይም በሌላ ደጅ በሚጸልየው ላይ ይህን ስም ሊወረውር አፉን በከፈተ ጊዜ፣ የሚወረውረው የርብቃና የራሔልን ወገኖች ስም፣ ጌታችን እናቱን የጠራበትን ቋንቋ ስም መሆኑን ያስብ። ጨካኝን ግን የተጠመቀም ቢሆን፣ ወገንም ቢሆን፣ በስሙ መጥራት አይፈራ፤ ከወገን ሲሆን አረመኔነትን ሌላ ስም እያወጡ መሸፈን ከጭካኔው ጋር መተባበር ነውና።

ደብሩ ኢዮቤልዩውን በሚያከብርበት በዚህ በዓል ይህን ማስታወስ የተገባ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፣ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ሲነፋ ባሪያው ነጻ ይወጣል፣ ርስቱን በችግር የሸጠውም ወደ አባቶቹ ርስት ይመለሳል። ስምም ርስት ነው። ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እኅት የሆነችው የሶርያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ በአራም ቋንቋ ትቀድሳለች፤ በደማስቆ አጠገብ በመዓሉላ መንደርም የዚሁ ቋንቋ ወገን ከእናት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። ከልጆችዋም ብዙዎች አራማውያን ነን እያሉ፣ አባቶቻቸው ለጣዖት አምላኪዎች ትተውት የነበረውን ስም መልሰው ይዘውታል። ርስታቸው ተመለሰ ማለት ይህ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀረው ሥራ፣ ስሙን ከንጹሕ ሰው ላይ አንሥቶ በጭካኔ ላይ ብቻ ማኖር ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።